ቲክቶክና የመንግሥታት እገዳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ቲክቶክ ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬ በየጥቂት ወሩ ይነሳል። አንዳንዱ እውነት ነው። አንዳንዱ ላይክ ለመልቀም የተለቀቀ ነው። አብዛኛው ግን ግማሽ እውነት ነው፤ አንድ አገር የሆነ ነገር ከልክሏል፣ ወሬው አፍ ለአፍ ሲዞር ምኑን እንደከለከለ ተረስቷል። እዚህ በብዛት ለሚነሱት ጥያቄዎች መልስ እንሰጣለን። ዓመቶቹም ወሮቹም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቲክቶክ የማን ነው? የቻይና መንግሥት ነው እንዴ?

አይደለም። ባለቤቱ ባይትዳንስ የሚባል የግል ኩባንያ ነው። ዛንግ ዪሚንግ በ2012 ቤጂንግ ላይ መሠረተው። ኩባንያው በ2016 ዶዪን የተባለውን አፕ ለቻይና ገበያ አወጣ። በ2017 ደግሞ ለውጭው ዓለም ቲክቶክን ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት ሚዩዚካሊን ገዛ። ሚዩዚካሊ የአሜሪካ ታዳጊዎች ከዘፈን ጋር ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚቀረጹበት አፕ ነበር። በኦገስት 2018 ሁለቱ ተዋሐዱና የሚዩዚካሊ ተጠቃሚዎች ስልካቸውን ሲከፍቱ ራሳቸውን ቲክቶክ ላይ አገኙት። ይህን ግዢ ያዝ አድርጉት፤ የአሜሪካው ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«የግል ነው» ሲባል ግን ነገሩ እዚያ አያበቃም። በ2021 ከቻይና መንግሥት ጋር የተያያዘ አካል ቤጂንግ ካሉት የባይትዳንስ ኩባንያዎች በአንዱ 1 በመቶ ድርሻ ገዝቷል፤ የቦርድ ወንበርም አግኝቷል። ኩባንያው ይህ ከቲክቶክ ጋር አይገናኝም ይላል። ተቺዎቹ ደግሞ ለመንግሥት 1 በመቶም ይበቃዋል ይላሉ።

እገዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው?

በፍጹም። ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ቀላሉ የመንግሥት ስልክ ላይ የሚጣለው ነው። አሜሪካ በዲሴምበር 2022 ለፌዴራል ሠራተኞች ይህን በሕግ ደነገገች። በ2023 የአውሮፓ ኮሚሽን፣ ካናዳ፣ ብሪታኒያ፣ ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ተከተሉ። ይህ ተራውን ሰው አይነካም። የሚኒስቴር ሠራተኛው ራሱ በግል ስልኩ ማታ ቤቱ ገብቶ ስክሮል ማድረግ ይችላል። «ብሪታኒያ ቲክቶክን አገደች» የሚል ርዕስ ካያችሁ ምናልባት ይህን ነው የሚያወራው።

ሁለተኛው በአፕ ስቶር በኩል ነው። አፕልና ጉግል አፑን ከመደብራቸው ያወርዱታል። ስልኩ ላይ ያለው ሰው ይቀጥላል፤ አዲስ ሰው ግን መጫን አይችልም። ማሻሻያም ስለማይመጣ አፑ ቀስ እያለ ይበላሻል።

ሦስተኛው በኔትወርክ ነው። መንግሥት ቴሌኮሞችን ያዛል፣ እነሱ መንገዱን ይዘጋሉ። ይህን የቀመሰ ያውቀዋል። አፑ ይከፈታል። የመጀመሪያው ቪዲዮ ቀድሞ ስልኩ ላይ ስለተቀመጠ ሊጫወት ይችላል። ወደ ቀጣዩ ስትሄዱ ክቧ እየዞረች ትቀራለች። ኮመንት ብትጽፉ አይሄድም። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፓኬጅ ያለቀበት ይመስለዋል። ከዚያ ስልኩን አጥፍቶ ያበራል። ከዚያ ጓደኛውን ይጠይቃል፤ ጓደኛውም ያው ነው።

ሌሎችም አሉ። ካናዳ በኖቬምበር 2024 አፑን ሳትነካ የኩባንያውን የካናዳ ቢሮዎች እንዲዘጉ አዘዘች። ኢንዶኔዥያ በ2023 ቪዲዮውን ትታ አፑ ውስጥ መገበያየትን ብቻ ከለከለች። አሜሪካ ደግሞ «ወይ ሽጥ ወይ ውጣ» አለች።

ስለዚህ «ታገደ» የሚል ዜና ስታዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምኑ ታገደ፣ ለማን ታገደ፣ በምን ምክንያት ታገደ የሚለው ነው። በተለይ ምክንያቱን ያዙት። እገዳው ይቆያል ወይስ በሳምንት ይነሳል የሚለውን በአብዛኛው የሚነግራችሁ እሱ ነው።

መንግሥታቱ ምኑን ነው የሚፈሩት?

ሁለት ነገር ነው፤ ሰዎች አንዱን ከሌላው ይቀላቅሉታል።

አንደኛው ዳታ ነው። ስልክ ቁጥር፣ ኮንታክት፣ የት እንዳላችሁ፣ ምን ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆያችሁ። ይህን ፌስቡክም ጉግልም ይሰበስባል፤ የቲክቶክ ደጋፊዎች የሚከራከሩትም በዚህ ነው። ተቃዋሚዎች የሚያነሱት የቻይናን የ2017 የስለላ ሕግ ነው። ሕጉ ድርጅቶችና ዜጎች ከመንግሥት የስለላ ሥራ ጋር እንዲተባበሩ ያዛል። መንግሥት «አምጣ» ካለ ባይትዳንስ እንዴት እምቢ ይላል? ነው ጥያቄው።

ሁለተኛው አልጎሪዝሙ ነው። ቲክቶክ ላይ የሚታያችሁን የሚመርጠው በአብዛኛው የተከተላችሁት ሰው አይደለም፣ ማሽኑ ነው። ያንን ማሽን የያዘ አካል አንድን ጉዳይ ትንሽ ከፍ፣ ሌላውን ትንሽ ዝቅ ቢያደርግ ማን ያውቃል? ከዳታው ይልቅ ይህኛው የሚከብድ ይመስለኛል። ዳታ ሲሾልክ አሻራ ይተዋል። የሚታየው ነገር በጥቂቱ ሲዘነበል ግን ተመልካቹ ራሱ አይታወቀውም።

እሺ፣ ማስረጃ አለ?

የቻይና መንግሥት በቲክቶክ አማካኝነት አሜሪካውያንን ሰልሏል የሚል ማስረጃ ለሕዝብ አልቀረበም። የአሜሪካ መንግሥት ፍርድ ቤት ያቀረበው ክርክርም በዋናነት «ሊሆን ይችላል» የሚል ነበር፤ ከሰነዱ ከፊሉ ደግሞ ምስጢር ተብሎ ተሸፍኗል።

ኩባንያው ራሱ ያመናቸው ነገሮች ግን አሉ። በዲሴምበር 2022 ባይትዳንስ ሠራተኞቹ የጋዜጠኞችን ዳታ ከፍተው እንዳዩ አመነ። ሠራተኞቹ የፈለጉት ለጋዜጠኞቹ ከኩባንያው መረጃ ያሾለከው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነበር። አራት ሰዎች ተባረሩ። ኩባንያው «ይህ አይደረግም» እያለ ሲምል ቆይቶ ስለነበር ጉዳቱ ከባድ ነበር።

አየርላንድም አለች። የአየርላንድ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽን በሜይ 2025 ቲክቶክን 530 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ምክንያቱ የአውሮፓ ተጠቃሚዎችን ዳታ ቻይና ያሉ ሠራተኞች ማየት መቻላቸው ነው። ቲክቶክ በምርመራው ሁሉ የአውሮፓ ዳታ ቻይና ባሉ ሰርቨሮች ላይ አይቀመጥም ሲል ከርሞ መጨረሻ ላይ ጥቂት ዳታ እዚያ ተቀምጦ እንደነበር ተናገረ።

የአሜሪካው ጉዳይ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

ረጅም ነው።

በ2019 የውጭ ኢንቨስትመንትን የሚመረምረው የአሜሪካ መንግሥት ኮሚቴ የሚዩዚካሊን ግዢ ማጣራት ጀመረ። በኦገስት 2020 ዶናልድ ትራምፕ ቲክቶክን የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። ፍርድ ቤቶች አስቆሙት። ቻይናም ዝም አላለችም፤ በዚያው ወር የመጨረሻ ቀናት ወደ ውጭ እንዳይሸጡ ፈቃድ በሚጠየቅባቸው ቴክኖሎጂዎች ዝርዝር ውስጥ የይዘት መምረጫ አልጎሪዝምን ጨመረች። ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ ቲክቶክን ብትገዙም ማሽኑን ያለ እኛ ፈቃድ አታገኙም።

በ2021 ጆ ባይደን የትራምፕን ትእዛዝ ሻሩት። ኩባንያው ደግሞ የአሜሪካውያንን ዳታ የአሜሪካው የቴክኖሎጂ ኩባንያ ኦራክል በሚጠብቃቸው ሰርቨሮች ላይ ለማስቀመጥ ፕሮጀክት ቴክሳስ የሚል ዕቅድ አወጣ፤ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣሁበት ይላል። ምክር ቤቱን አላሳመነም።

በማርች 2023 የቲክቶክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሹ ዚ ቹ ኮንግረስ ፊት ቀርበው አምስት ሰዓት ያህል ተጠየቁ። አንዱ የምክር ቤት አባል «ቲክቶክ የቤት ዋይፋይ ይጠቀማል?» ብለው ሲጠይቁ ሰውየው ግራ ተጋብተው ተጠቃሚው ዋይፋይ ከከፈተ ብቻ ነው ብለው መለሱ። ጥያቄው ለሳምንታት የቲክቶክ መሳቂያ ሆነ። በጃንዋሪ 2024 በሌላ ችሎት አንድ ሴናተር የቻይና ዜጋ ናቸው ወይ፣ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ ወይ እያሉ ደጋግመው ጠየቋቸው። ሰውየው ሲንጋፖራዊ ናቸው፤ በአገራቸው ጦርም አገልግለዋል። ይህን ስንቴ እንዳስረዱ ቪዲዮውን ያየ ያውቃል። መልካም ነጥብ የነበረው ጎራ በእንዲህ ያለ ጥያቄ ራሱን አቃለለ።

ያም ሆኖ ሕጉ ወጣ። በማርች 2024 የታችኛው ምክር ቤት በ352 ለ65 አሳለፈው፤ በኋላ ከዩክሬን፣ ከእስራኤልና ከታይዋን የእርዳታ ገንዘብ ጋር ተጠቅልሎ ቀረበና ባይደን ኤፕሪል 24 ፈረሙበት። ባይትዳንስ በ270 ቀን ውስጥ የአሜሪካውን ቲክቶክ ይሽጥ፤ ካልሸጠ አፕ ስቶሮችና ሰርቨር አከራዮች ማገልገል ያቁሙ ይላል። ለሚጥሱት ድርጅቶች ቅጣቱ በአንድ ተጠቃሚ እስከ 5,000 ዶላር ነው። ቲክቶክ አሜሪካ ውስጥ 170 ሚሊዮን ተጠቃሚ አለኝ ይል ነበር። አባዙት፤ 850 ቢሊዮን ዶላር ነው። ይህን ያየ የየትኛውም ኩባንያ ጠበቃ «እንሞክረው» አይልም።

በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ ውስጥ በእርግጥ ተዘግቶ ነበር?

አዎ። ቅዳሜ ጃንዋሪ 18፣ 2025 ማታ፣ ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ቲክቶክ አሜሪካ ውስጥ ራሱን አጠፋ። አፑን ሲከፍቱ አገልግሎቱ ለጊዜው እንደሌለ የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣ ነበር፤ ትራምፕ ሥልጣን ሲይዙ መፍትሔ እንደሚፈልጉ መናገራቸውም በስማቸው ተጠቅሶ ነበር። የባይትዳንስ የሆነው ካፕካትም አብሮ ጠፋ። ቪዲዮ የሚያቀናብሩበት እሱ የሆነ ሰዎች በአንድ ምሽት ሁለቱንም አጡ።

ግማሽ ቀን ገደማ ቆይቶ እሁድ ተመለሰ። ሲመለስም ትራምፕን የሚያመሰግን መልእክት ይዞ ነበር። እሳቸው ገና ሥልጣን አልያዙም። ፖለቲካዊ ቲያትር ነበረበት ብሎ መናገር ሐሜት አይሆንም።

በዚያ ሰሞን ብዙ አሜሪካውያን ሻውሆንግሹ ወደሚባል የቻይና አፕ ጎረፉ። ራሳቸውን «የቲክቶክ ስደተኞች» አሉ። ከቻይና አፕ እንዲርቁ የወጣ ሕግ ወደ ሌላ፣ ይባስ ብሎ ለቻይናውያን ወደተሠራ አፕ ላካቸው።

ይህ የአሜሪካ ሕግ የመናገር ነጻነትን አይነካም?

ክርክሩ ይኸው ነበር። ሞንታና የምትባለው የአሜሪካ ግዛት በ2023 ቲክቶክን ሙሉ በሙሉ ስትከለክል የፌዴራል ዳኛ ሥራ ላይ ሳይውል አገደው። ስለዚህ ብዙዎች የፌዴራሉም ሕግ ይወድቃል ብለው ነበር።

አልወደቀም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጃንዋሪ 17፣ 2025 በሙሉ ድምፅ አጸናው። ዳኞቹ በዋናነት የተመረኮዙት በዳታው ላይ ነው። መንግሥት የዜጎቹ መረጃ በባላንጣ አገር እጅ እንዳይገባ መሥራት ይችላል፣ ሕጉም የሚከለክለው ባለቤትነቱን እንጂ የሚነገረውን አይደለም አሉ። የአልጎሪዝሙን ጉዳይ ብዙም አልገፉበትም። ብልሃት ነው፤ «ሰዎች የሚያዩት ነገር ስላላማረን ዘጋነው» የሚል መንግሥት ፍርድ ቤት ፊት ይቸገር ነበር።

አሁንስ አሜሪካ ውስጥ የማን ነው?

ትራምፕ የመጀመሪያው የሥልጣን ቀናቸው ላይ ቀነ ገደቡን አራዘሙ። ከዚያም ደጋግመው አራዘሙ። ምክር ቤት ያወጣው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጸናው ሕግ አንድ ዓመት ያህል መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በ2020 ሊያግዱት የተነሱት እሳቸው መሆናቸውን አትርሱ። በመካከሉ ግን እሳቸውም አካውንት ከፍተው ሚሊዮኖች ይከተሏቸው ነበር።

በጃንዋሪ 2026 ሽያጩ ተጠናቀቀ። የአሜሪካው ቲክቶክ አዲስ የሽርክና ኩባንያ ሆነ። ኦራክል፣ ሲልቨር ሌክ የተባለው የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ድርጅትና የአቡዳቢው የኢንቨስትመንት ድርጅት ኤምጂኤክስ እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ያዙ። ለባይትዳንስ 19.9 በመቶ ቀረው። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ሕጉ ባላንጣ ከሚባል አገር የሆነ ባለቤት 20 በመቶና ከዚያ በላይ እንዳይዝ ይከለክላል። የቀረውን ሌሎች ባለሀብቶች ወሰዱ። የአሜሪካውያኑን ዳታ ኦራክል ይጠብቃል፤ አልጎሪዝሙም በአሜሪካ ተጠቃሚዎች ዳታ እንደገና ይሠለጥናል ተብሏል። ማስታወቂያና ግብይቱ ግን ከባይትዳንስ እጅ አልወጣም።

ህንድስ? እዚያ ቀረ ወይ?

ቀረ። በጁን 2020 የህንድና የቻይና ወታደሮች በጋልዋን ሸለቆ ተጋጭተው 20 የህንድ ወታደሮች ሞቱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ህንድ 59 የቻይና አፖችን በአንድ ጊዜ አገደች። ቲክቶክ በወቅቱ እዚያ 200 ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚ ነበረው። ትልቁ የውጭ ገበያው ነበር። የሽግግር ጊዜ የለ፣ ክርክር የለ። በጃንዋሪ 2021 እገዳው ቋሚ ተባለ።

ከሁሉ በላይ የተጎዱት የትንንሽ ከተማና የገጠር ልጆች ናቸው። ኢንስታግራም ላይ የማይታዩ፣ ቲክቶክ ላይ ግን በእርሻ መሃል ጨፍረው ሚሊዮን ተመልካች ያገኙ። በአንድ ምሽት ተከታዮቻቸው ተነኑ። የተጠቀመው ማን ነው? ኢንስታግራም ሪልስን በቀጣዩ ወር ህንድ ውስጥ አስጀመረ። ዩቲዩብ ደግሞ ሾርትስን በሴፕቴምበር መጀመሪያ የሞከረው እዚያው ነው። እገዳ ገበያ ባዶ ያደርጋል፤ ባዶ ገበያ ደግሞ አያድርም።

ልጆችን ለመጠበቅ ያገዱ አገሮች አሉ አይደል?

አሉ። አልባኒያ በኖቬምበር 2024 አንድ የ14 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ጓደኛው ተወግቶ ከሞተ በኋላ ቲክቶክን ለአንድ ዓመት ዘጋች። ጠቡ በማኅበራዊ ሚዲያ ነው የተጀመረው ተባለ። ቲክቶክ በበኩሉ ሁለቱም ልጆች አካውንት እንደነበራቸው የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም አለ። ወላጅ ሲያዝን መንግሥት አንድ ነገር ማድረግ አለበት፤ የተደረገው ነገር ግን ከሐዘኑ ጋር መገናኘቱ አጠራጣሪ ነው።

አውስትራሊያ ሌላ መንገድ ያዘች። ከዲሴምበር 10፣ 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ቲክቶክን፣ ኢንስታግራምን፣ ዩቲዩብንና ሌሎቹንም ጨምሮ አካውንት እንዲኖራቸው አይፈቀድም። የቻይና፣ የአሜሪካ ብሎ አልለየም። ቅጣቱ በኩባንያው ላይ ነው፤ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር። ልጁም ወላጁም አይቀጡም።

ግርግር ሲነሳ ለምን መጀመሪያ ቲክቶክ ይዘጋል?

ቪዲዮ ስለሚፈጥን ነው። ጆርዳን በዲሴምበር 2022 በተቃውሞ መሃል ፖሊስ ሲገደል ዘጋችው። ሴኔጋል በኦገስት 2023 የተቃዋሚው መሪ ኡስማን ሶንኮ ሲታሰር ዘጋችው። ፈረንሳይም ብትሆን አልተመለሰችም፤ በሜይ 2024 በኒው ካሌዶኒያ ግዛቷ ሁከት ሲነሳ ሁለት ሳምንት ያህል ዘጋችው። ልዩነቱ በኋላ የታየ ነው። የፈረንሳይ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 እርምጃው ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ፈረደ፤ ሌላ ቀለል ያለ አማራጭ ሳይፈለግ፣ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ነው የነቀፈው።

ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ አለች። በፌብሩዋሪ 2023 ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘው ውጥረት ሲነሳ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተገደቡ። ውጥረቱ በሳምንታት ረገበ። ገደቡ ግን አምስት ወር ገደማ ቆየ።

ኔፓልን ለብቻዋ ማየት ጥሩ ነው። በኖቬምበር 2023 ቲክቶክን «ማኅበራዊ ስምምነትን ያፈርሳል» ብላ አገደች። በኦገስት 2024 አነሳች። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ አልተመዘገቡም ያለቻቸውን 26 መድረኮች፣ ፌስቡክንና ዋትስአፕን ጨምሮ ዘጋች። ቲክቶክ ቀድሞ ተመዝግቦ ስለነበር ክፍት ቀረ። ወጣቶቹ የባለሥልጣናት ልጆችን የቅንጦት ኑሮ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች የተቀባበሉት እዚያው ላይ ነው። ሴፕቴምበር 8 አደባባይ ወጡ፤ በዕለቱ ቢያንስ 19 ሰዎች ተገደሉ። እገዳው በዚያው ሌሊት ተነሳ፤ በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ።

ፓኪስታን ለምን ትዘጋዋለች ትከፍተዋለች?

በ2020 እና በ2021 አራት ጊዜ ዘግታለች። ምክንያቱ ሁልጊዜ «ጸያፍ ይዘት» ነው። ኩባንያው ቪዲዮ እናጠፋለን ብሎ ቃል ይገባል፣ ይከፈታል። ኢንዶኔዥያም በ2018 ለአንድ ሳምንት ገደማ እንዲሁ አድርጋለች። የይዘት እገዳ በአብዛኛው የድርድር ስልት ነው።

ቻይና ራሷ ቲክቶክ ትጠቀማለች?

አትጠቀምም። እዚያ ያለው ዶዪን ነው። ሰርቨሩ ሌላ፣ ሕጉ ሌላ። ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከ2021 ጀምሮ በቀን 40 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈቀድላቸው፤ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ጨርሶ አይከፈትላቸውም። ፌስቡክ ቻይና ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ዝግ ነው። ስለዚህ ቤጂንግ «የውጭ አፕ ማገድ ኢፍትሐዊ ነው» ስትል ሰሚው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

ቪፒኤን ካለኝ ችግር አለ?

እንደ እገዳው ዓይነት ነው። መንገዱን የዘጋው ቴሌኮም ከሆነ ቪፒኤን፣ ማለትም ግንኙነታችሁን በሌላ ቦታ በኩል የሚያዞረው አፕ፣ ብዙ ጊዜ ያሳልፋል። የዘጋው ኩባንያው ራሱ ከሆነ ግን ይከብዳል። በጃንዋሪ 2025 ቪፒኤን ከፍተው የሞከሩ ብዙ አሜሪካውያን አልሆነላቸውም፤ አካውንቱ የተከፈተበት አገር ይታወቃላ።

ነጻ ቪፒኤን ላይ ጠንቀቅ በሉ። የምትሄዱበትን ሁሉ የሚያይ ሰው በነጻ ሲያገለግላችሁ ወጪውን ከአንድ ቦታ ያገኛል። የቻይና ኩባንያ ዳታዬን ያያል ብሎ ሸሽቶ ባለቤቱ የማይታወቅ አፕ መጫን አያስኬድም። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ቪፒኤን መጠቀሙ ራሱ ያስጠይቃል፤ የምትኖሩበትን አገር ሕግ እዩ።

ታግዶ ብጠቀም እኔ እቀጣለሁ?

ከላይ ባየናቸው በአሜሪካና በአውስትራሊያ ሕጎች ተጠቃሚው አይቀጣም። ሞንታናም ብትሆን ተጠቃሚውን አልነካችም። ተጠያቂዎቹ አፕ ስቶሮችና ኩባንያዎች ናቸው። በሥራ ስልካችሁ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ የመሥሪያ ቤታችሁ ደንብ ነው፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ቢዘጋ ቪዲዮዎቼ፣ ተከታዮቼ፣ ገቢዬ ምን ይሆናሉ?

ተከታይ ይዞ መሄድ አይቻልም። ሌላ ቦታ አካውንት ካላችሁ አሁኑኑ ባዮ ላይ አስቀምጡት፤ ከተዘጋ በኋላ መንገር የምትችሉበት ቦታ የለም። ላይቭ ላይ የተሰበሰበ ጊፍት ካለ በጊዜ አውጡት።

ቪዲዮዎቹን ለማስቀረት «ሴቲንግስ ኤንድ ፕራይቬሲ» ግቡ፣ «አካውንት» የሚለውን ንኩ፣ ከዚያ «ዳውንሎድ ዩር ዳታ»ን ምረጡ። ፋይሉ ወዲያው አይመጣም። ከተዘጋጀ በኋላም ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ ጠይቃችሁ አትርሱት። ኦሪጅናል ቪዲዮውን ስልካችሁ ጋለሪ ላይ የማስቀመጥ ልማድ ካላችሁ ደግሞ ግማሹ ሥራ አልቋል።

የእገዳ ወሬ ሲሰማ ደግሞ ተናዳችሁ አፑን አታጥፉት። በጃንዋሪ 2025 ያጠፉ አሜሪካውያን፣ አፑ ከአፕ ስቶር ወርዶ ስለነበር፣ እስከ ፌብሩዋሪ 13 ድረስ መልሰው መጫን አልቻሉም። ቲክቶክ ያለበት አሮጌ ስልክ በሺዎች ዶላር ዋጋ ተለጥፎበት ኢቤይ ላይ የወጣው በዚያ ሰሞን ነው። ድራፍት ላይ ያስቀመጣችኋቸው ቪዲዮዎችም የሚቀመጡት ስልኩ ላይ እንጂ አካውንቱ ላይ አይደለም፤ አፑ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።